ከበሮና ቼሎ በውብሸት ቁም ሣጥን

በላስ ቬጋስ ሐበሻ ዘንድ የሸዋዬን ስም የማያውቅ ቢኖር ሰርግ ተጠርቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሙሽራዋ ቬሎዋን ከመምረጧ በፊት ሸዋዬ ያንን ቅዳሜ ነፃ መሆኗ ይጠየቅ ነበር። ድምጿ እንኳ ይህን ያህል አይደለም፤ ዘፈኑን ለሌሎች ትተወዋለች። የእሷ ሙያ ከበሮው ነው። የቬጋስ ሰርግ ታዳሚ ምን ዓይነት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ግማሹ ከካዚኖ ሺፍት ወጥቶ በዚያው የመጣ፣ ግማሹ ሊገባ ሰዓቱን የሚያይ፣ እግሩ ያበጠ፣ ወንበሩን የሙጥኝ ያለ ሕዝብ ነው። ሸዋዬ ይህን ሕዝብ ታስነሣ ነበር። ሲጀመር ዝግ ብላ ትመታለች፣ ዓይኗ እግር እግር ያያል። የአንዱ ጣት ጠረጴዛ ሲነካካ ካየች ትንሽ ጨመር፣ ጭብጨባው ሲመጣላት ደግሞ ጨመር፣ ከዚያ እልልታው ከወዲያ ሲቀበላት እጇን ትለቀዋለች። ሲጀምርም ሲጨርስም በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚመታ ሰው እሷ ዘንድ ምንጣፍ ያራግፋል እንጂ ከበሮ አይመታም።

በአዘቦቱ ቀን ግን ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ሴት ነበረች። የሰው አልጋ ስታነጥፍ ውላ የራሷን ሳታነጥፍ ትተኛለች፤ ይህን ራሷ እየሳቀች ታወራዋለች። በፈረንጆቹ 2020 ማርች ላይ ሆቴሎቹ ሲዘጉ ሱፐርቫይዘሯ «እንደውልልሻለን» አለቻት። ሰርጉም ተሰረዘ። ሸዋዬ በአንድ ጊዜ ከአልጋውም ከከበሮውም ቀረች።

ቤታቸው ከማውንተንስ ኤጅ ወዲህ፣ አጥር ባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ባሏ ውብሸት ሊሞዚን ሲነዳ የሀብታሞችን በር አይቶ አይቶ፣ እሱም በር ያለው ሰፈር ካልገዛሁ ብሎ ገዛ። ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት፣ የጎረቤቱም ከሚቀጥለው አይለይም፤ የጓሮው ግንብ ፀሐይ እንጂ ሰው አያሳይም። ውብሸት ግን በበሩ ይኮራ ነበር። እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ያለው ሣጥን ላይ የቤቱን ቁጥር ይጫናል፣ የባለቤቱ ስልክ ይጠራል፣ ባለቤቱ ፈቅዶ አንድ ቁጥር ሲነካ በሩ ይከፈታል። «ሌባም ዘመድም ሳላውቀው አይገባም» ይል ነበር፣ እየሳቀ። በሩ ላይ የተመዘገበው ስልክ የእሱ ነበር።

በበጋው ከተማው ገርበብ ብሎ ሲከፈት ውብሸት ሥራ ወጣ። ሸዋዬ «ትንሽ እንቆይ» ብላው ነበር፤ እሱ «ቁጭ ብሎ የሚበላ ተራራ ይጨርሳል» ብሎ ማስኩን አጥልቆ ሄደ። ኦገስት ላይ ሞተ።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ሆስፒታል ማንም አይገባም፤ አንዲት ነርስ ስልክ ይዛለት ነው የተሰነባበቱት፣ እሱም መናገር አልቻለም፣ እጁን ብቻ አነሣ። የቀብሩ ቀን ሸዋዬና ልጇ ራሳቸው በሽታው ተገኝቶባቸው ቤት ተዘግቶባቸዋል። የሆቴል ጓደኛዋ በድሪያ፣ የወሎ ልጅ፣ ሂጃቧን ከማስኳ ጋር አጥብቃ መቃብሩ ድረስ ሄደችና ስልኳን ወደ ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው። እናትና ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጠው የሰው ጀርባና የተቆፈረ አፈር አዩ። የበድሪያ ክንድ ሲዝል ሰማዩ ይመጣል፣ መልሳ ስታወርደው አፈሩ ይመጣል። ካህኑ ሲጨርሱ ስልኩ ተቋረጠ፤ ቀብሩ ይኸው ነበር።

ድንኳን የለም፤ ለቀስተኛ የለም። ስልክ ይደወላል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይባላል፣ ወዲያው ቫይረሱ ይወራል። ሸዋዬ የሚደውለውን እያመሰገነች፣ በልቧ ግን የሚመጣ ሰው መጥፋቱ አንገበገባት። በሽታውንስ ይፍሩ፤ ግን አንድ ሰው እንኳ በሩ ላይ ቆሞ «ወይኔ ወንድሜን» ይል እንዴት ይጠፋል? ስንቱን ሰርግ አሙቃላቸዋለች። በጣም አዘነችባቸው።

ሳምንታት አልፈው የውብሸትን ስልክ ከሆስፒታሉ ከረጢት አውጥታ ቻርጅ አደረገችው። ስልኩ ነፍስ ሲዘራ ስክሪኑ ያልተመለሰ ጥሪ ሞላው። ሁሉም ከአንድ ቦታ የተደወለ ነበር፣ ከሰፈሩ በር። ለካ ሰው መጥቷል። መኪናቸውን በሩ ላይ አቁመው፣ የቤቱን ቁጥር ተጭነው፣ የሟቹን ስልክ ሲጠሩት ከርመዋል። የሚመልስ ሲያጡ ታመው ተኝተው ይሆናል፣ አንረብሻቸው ብለው ተመለሱ። ይሉኝታ የሐበሻን እግር እንዲህ ነው የሚያስረው፤ ለእሷ ደውሎ «በሩ ላይ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሸዋዬ ስልኩን አጠፋችውና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ቢያንስ ቅያሜዋ ወጣላት፤ በቦታው የገባው ግን የባሰ ነበር። ለቅሶው መጥቶ ነበር፣ በር ዘግተንበት ነው የተመለሰው ብላ ታስብ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቃት ግን ልጇ ነበረች። ያብስራ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ ትጫወታለች። የአባቷ ልጅ ነበረች፤ ቼሎውን ተሸክሞ የሚያደርሳት፣ ከውጭ ሊሞዚኑ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቃት እሱ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አንድ ጊዜ አላለቀሰችም። ትበላለች፣ ላፕቶፗን ከፍታ ትማራለች፣ «አይም ፋይን» ትላለች። ሸዋዬ የክፍሏ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሌሊት ታዳምጣለች፤ ምንም የለም። የልጅ ልቅሶ ያሳብዳል፤ የልጅ ዝምታ ግን ይገድላል። የእሷም እንባ ቢሆን ዕቃ ስታጥብ ብቻውን ይወርዳል እንጂ ለቅሶ አልነበረም። እንባ ሌላ፣ ለቅሶ ሌላ። ለቅሶ የሚያወርድና የሚቀበል ይፈልጋል፤ ለብቻ የሚያለቅስን ሰው እሷ ያደገችበት አገር አእምሮው ተነካ ይሉታል።

ከበሮዋን በጥቁር ነጠላ ጠቅልላ ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እጄ አይነካውም ብላ ምላለች። አልጋቸውንም ትታ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች፤ መኝታ ቤቱን፣ በተለይ የውብሸት ልብስ ያለበትን፣ ሰው የሚያስገባውን ትልቁን ቁም ሣጥን፣ ልታየው አልቻለችም።

ጃንዋሪ ላይ፣ ሸዋዬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ያብስራ ወጥ ቤት ገብታ ቆመች። መቆሟ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

«እማዬ፣ ከበሮሽን እፈልጋለሁ።»

«ለምኑ?»

«ለኦርኬስትራ። አዲሱ ፒስ ትልቅ ድረም አለው፣ የፍየል ቆዳ ያለው። ትምህርት ቤት አለ፣ ግን ሎክድ ነው፣ ማንም መግባት አይችልም። ሚስ ሮካ፣ ቲቸራችን፣ ከበሮሽን በዙም አይታ ነበር፣ በፊት። እሱ ይሆናል አለች።»

«ማን ሊመታው?»

«አንቺ።»

ሸዋዬ መክተፏን አላቆመችም። «የምን ዘፈን ነው?»

«ዘፈን አይደለም። ቦሊቪያ፣ ሳውዝ አሜሪካ፣ ተራራ ላይ ያሉ ሰዎች ሙዚቃ ነው። ከዚያ አንድ ኮምፖዘር ለኦርኬስትራ ጻፈው።» ያብስራ ቃል ፍለጋ ትንሽ ቆየች። «ሰው ሲሞት አንዲት ሴት ትመጣለች። ፋሚሊ አይደለችም። እሷ መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ያለቅሳል። ያቺ ሴት ቼሎ ነች። ሶሎ ነው። ሚስ ሮካ ለእኔ ሰጠችኝ።»

አሁን ቢላዋው ቆመ። «አስለቃሽ ነቻ» አለች ሸዋዬ።

«ምን?»

«አስለቃሽ። ሙሾ አውራጅ። እኛም አገር አለች።»

«ኦኬ። እሷ ነኝ እኔ። ድረሙ ደግሞ ሬሳ የሚይዙ ሰዎች እግር ነው፣ ሲሄዱ። ከቀብር በኋላ ይጨፍራሉ፣ ያ ሴኮንድ ፓርት ነው፣ እሱን ሌላ ሰው ይመታል።»

«ቀብረው መጥተው ይጨፍራሉ?»

«የስ።»

«የተማረ ሰው ነው ይህን የጻፈው?»

ያብስራ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ሸዋዬ ያንን ፊት ካየች ስንት ጊዜዋ ነው። ሆኖም «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከበሮ አይመታም፣ ነውር ነው» አለች። ልጅቷም «ኦኬ» ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ በሩም ተዘጋ።

በማግሥቱ በድሪያ ምስር ወጥ ይዛ መጣች። በሩን በኮዱ ከፍታ ትገባለች፤ ኮዱን ሸዋዬ ሰጥታታለች። ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ መኪናዋ ጋ ተመልሳ ቆማ ነው የሚጨዋወቱት። ሸዋዬ ነገሩን ነገረቻት፤ ትክክል ነሽ እንድትላት ነበር።

«እኔ የሃይማኖታችሁን አላውቅልሽም» አለች በድሪያ። «ግን ልጄ ድንጋይ ሆነች ብለሽ ስታለቅሺብኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ። አሁን ድንጋዩ አፍ አውጥቶ ሲለምንሽ እምቢ ትያለሽ?»

«ሰው ምን ይለኛል፣ በድሪያ? ባሏን ቀብራ ከበሮ ትደልቃለች አይሉም?»

«የትኛው ሰው ነው የሚልሽ? አሳይኝ እስቲ።» በድሪያ ባዶውን መንገድ በእጇ አሳየቻት። አንድ ሰው አልነበረም፤ ውሻ የሚያንሸራሽር እንኳ የለም።

ሸዋዬ ያን ማታ ነጠላውን ከከበሮው ላይ ገፈፈች።

ሚስ ሮካ በዙም ነገሩን አስረዳች። ሴትየዋ የቦሊቪያ ዘር አለባት፣ ስትናገር እጇ አያርፍም። ኦርኬስትራው በሙሉ እየቤቱ ለብቻው ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ልጅ ጆሮው ላይ ሰዓት መቁጠሪያ የመሰለ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አድርጎ ይጫወታል፣ እሷ ኋላ ሁሉንም ገጥማ አንድ ቪዲዮ ታደርገዋለች። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው መጫወት የሚችሉ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ አለች፤ ዕድለኞች ናችሁ ማለቷ ነው። ነገር ግን ከጠቅታው መውጣት የለም። ቅጂውም ዓርብ ከመምሸቱ በፊት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰመርሊን ሰፈር ያለች ሌላ ልጅ ሶሎውን አጥንታለች፣ የእሷ ይገባል።

«የት ነው የምንቀዳው?» አለች ሸዋዬ ላፕቶፑ ሲዘጋ።

«ክሎዜት ውስጥ። ልብስ ድምፅ ይይዛል፣ ኤኮ የለውም።» ያብስራ ወደ መኝታ ቤቱ አመራች። «የዳዲ።»

ሸዋዬ ቁም ሣጥኑ ጋ ስትደርስ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ አገኘችው። ወንበር፣ የኖታ ማስቀመጫ፣ ማይክ፣ መሬቱ ላይ የውኃ ጠርሙስ። ወንበሩ የተጫነው ምንጣፍ ጎድጉዷል። ልጅቷ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ነበረች ለካ፤ እናቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ሆና ክፍሏ ውስጥ ናት ስትል፣ እሷ በአባቷ ልብስ መሃል ተቀምጣ፣ ልብሱ ድምፁን እየዋጠላት፣ ቼሎዋን ስትጎትት ከርማለች። ጥቁሮቹ የሥራ ሱፎች በግራና በቀኝ ተሰቅለዋል። ሽታው እንዳለ ነው። ሸዋዬ በአፏ ተነፈሰች፣ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ያብስራም በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ሁለት ሴት፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ቼሎና የአንድ ወንድ ልብስ ሁሉ፤ እግር መዘርጊያ የለም።

ሰኞ ሞከሩ፤ አልሆነም። ጠቅታው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የሬሳ ተሸካሚ እርምጃ ነው። ሸዋዬ ትጀምራለች፣ እጇ ደኅና ይቀመጣል፤ ቼሎው ገብቶ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን የእሷም እጅ አብሮ ይነሣል። ጨመር ታደርጋለች። አታውቀውም። ሙዚቃ ሲሞቅ እሷ ትሞቃለች፣ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው እጇ። ያብስራ ትቆማለች፣ «ፈጠንሽ» ትላለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሸዋዬ እጇን አንሥታ ትጠብቃለች፣ ጭብጨባው እንዲመጣላት። የሚመጣ ጭብጨባ የለም፤ ሱፉ ነው ፊቷ ያለው። ጠቅታው እሷን ሳይጠብቅ ይሄዳል።

ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ እጇን በፎጣ አስራ ሞከረች፤ ይባስ ብሎ እግሯ መምታት ጀመረ። ሐሙስ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ገቡ፣ ሳይነጋገሩ ወጡ። ቁም ሣጥኑ ይሞቃል፣ ማሞቂያው ድምፅ እንዳያሰማ ተዘግቶ እንኳ ላብ ያጠምቃቸዋል። ሸዋዬ አየር ለማግኘት ወደ ደጅ ብትወጣም ያው ግንቡና ያው ፀሐይ ነው፤ ከሰፈሩ ብትወጣም የት ትሄዳለች? ሆቴሉ አልጠራትም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በተራ ነው፣ ሰው በመስኮት ነው የሚያያት። ለሰው ሁሉ ደስታ የሠራ እጅ ለገዛ ባሏ ሐዘን አልታዘዝ ማለቱ ተአምር ሆነባት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀረጻውን ጀመሩ፣ ያብስራ መሃል ላይ ቀስቷን ከክሩ አንሥታ አቆመች።

«እማዬ፣ ሰርግ አይደለም» አለች።

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ሸዋዬ ግን በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት።

«እኔ ከሰርግ ሌላ አላውቅም» አለች። «አክስቴ ገንዘቤ አስለቃሽ ነበረች፤ ከደብረ ሲና በላይ ባለው አገር ሁሉ ትጠራለች። ልጅ ሳለሁ ልታስተምረኝ ፈልጋ ነበር። እኔ ሸሸሁ። ሰው በሞተበት ቤት መግባት እፈራ ነበር፣ እኔ የሰርግ ነኝ አልኳት። አንድ ግጥም እንኳ ከእሷ አልያዝኩም። አባትሽ የሚያለቅስለት አጥቶ የቀረው በእኔ ነው።»

ያብስራ ኖታዋን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰች። ምን ያህሉ እንደገባት እግዜር ይወቅ።

«ሰዓት አለን ትንሽ» አለች ልጅቷ። «ዋን ሞር ታይም?» ቁልፉን ተጫነች፤ ቀይዋ መብራት በራች።

ሸዋዬ ጆሮዋ ላይ ያለውን አወለቀችው። ያ ጠቅታ ሰው አያስለቅስም። ከበሮውን አንድ ጊዜ መታችና ድምፁ ልብሶቹ ውስጥ ገብቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ደግሞ መታች። በሦስተኛው ላይ አፏ በራሱ ተከፈተ። ዜማው የአክስቷ የገንዘቤ ነበር፤ ለካ የሸሸችው ነገር ከኋላዋ ተከትሏት ኖሯል። ግጥሙን ግን ማንም አላስተማራትም፦

«ሰው ሁሉ ሲሸሸግ ቤቱን ሲዘጋጋ፣
አንተ ብቻ ወጣህ እንጀራ ፍለጋ።»

ከበሮውን መታችና ጠበቀች። የለቅሶ ቤት ቢሆን እዚህ ላይ ነው ሴቶቹ «ወይኔ» ብለው የሚቀበሉት። ማንም አልተቀበለም። ዝምታው ረዘመ። የሚቀበሉት በር ላይ ቆመው የተመለሱት ናቸው፣ ብላ አሰበች፤ እጇም ሊወድቅ ነበር። ያኔ ቼሎው ገባ። ያብስራ የተጻፈላትን አልነበረም የምትጫወተው፤ የእናቷን ዜማ ነው ይዛ የመለሰችው፣ ዝግ አድርጋ፣ መጨረሻው ላይ እየተሰበረች። ወረቀቱን አታይም፤ ዓይኗ የአባቷ ሱፍ ላይ ነው። ሸዋዬ አሁን እጇ አልፈጠነም። መታች፣ አወረደች፦

«ድንኳን አልተጣለ፣ ሰው አልመጣ ደጅህ፣
ሁለት ሆነን ቀረን፣ እኔና አንድ ልጅህ።»

ቼሎው ሊመልስ ጀምሮ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቀስቱ ወደቀ። ያብስራ ከፊቷ የተንጠለጠለውን ሱፍ እጅጌውን ይዛ ወደ ፊቷ ሳበችውና አለቀሰች። እንደ ትንሽ ልጅ አይደለም፣ እንደ ትልቅ ሰውም አይደለም፤ ከኦገስት ጀምሮ ተቆልፎ የነበረ ነገር ሲወጣ ድምፁ ያስፈራል። መስቀያው ተሰብሮ ሱፉ በላይዋ ወረደ። «ዳዲ» አለች፣ ከዚያ «አባዬ» አለች፣ ከዚያ ቃል አልነበረም። ሸዋዬ ልታቅፋት እጇ ተነሥቶ ነበር፤ ከበሮውን ካቆመች ግን ለቅሶው የሚቋረጥ መሰላትና እያለቀሰች መምታቷን ቀጠለች። ውብሸት ከሞተ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ያለቀሱለት ያን ቀን ነው።

ብዙ ቆይተው ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ነበር። ቀይዋ መብራት አሁንም በርታለች። ያብስራ በጉልበቷ ተንፏቃ አጠፋቻት።

ሸዋዬ ነቃ አለች። ስለ ልጇ ሶሎ የምታስብ እናት ሆና ተመለሰች። «ተቀድቷል?»

«የስ።»

«እንግዲያው ላኪው። ከበሮው አልፈጠነም እኮ።»

«አልልክም።»

«ለምን? የኔ ድምፅ ነው? ቁረጪው፣ ይቆረጣል አላልሽኝም? የኔን አፍ ቁረጪና ላኪው። ወይ ደግሞ አሁኑኑ እንደገና እንቅዳ፤ ገብቶኛል አሁን፣ አልፈጥንም።»

«እማዬ። ይሄ ለቅሶ ነው። ቪዲዮ አይደለም።»

«ሶሎሽን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች።»

«አውቃለሁ።»

ሸዋዬ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አባትሽ ቢኖር አለች። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም፤ በዚህስ ቁርጥ አባቷን ናት። ከቁም ሣጥኑ በር ሥር የሚገባው ብርሃን እየደበዘዘ ሄደና ላፕቶፑ ድምፅ ሰጠ። ያብስራ የመጣውን መልእክት ለእናቷ በአማርኛ አነበበችላት። ሚስ ሮካ አዝናለች፤ ሰዓቱ ስላለፈ ሶሎው ሰመርሊን ላለችው ልጅ ተሰጥቷል፤ ያብስራ ከሌሎቹ ቼሎዎች ጋር ትጫወታለች።

ሸዋዬ ልቧ ተሰበረ። ልጅቷ በዚህ ዓመት ሁሉ የፈለገችው ይህን አንድ ነገር ነበር፤ ያሳጣቻት እሷ ናት፣ የእሷ እጅና የእሷ አፍ። «አጠፋሁብሽ» አለቻት። «ተናደድሽብኝ?»

ያብስራ ላፕቶፑን ከደነች። የወደቀውን ሱፍ አራግፋ፣ ሌላ መስቀያ ፈልጋ፣ ትከሻውን አስተካክላ መለሰችው። ከዚያ ቼሎዋን ወደ ራሷ እየሳበች፦

«ሰዎች ስንት ቀን ይቀመጣሉ?» አለች።

«የት?»

«ለቅሶ። ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት ቀን» አለች ሸዋዬ። «እስከ ሠልስቱ።»

ያብስራ ቀስቷን ከምንጣፉ ላይ አነሣች።

«ሁለት ቀን ይቀረናል» አለች።